ለሚቀጥለው ከፋች

ይበልጣል መሞቱን የነገረችኝ ዘሃራ ናት። ከእኔ ሱቅ ቀጥላ ፎቶ ኮፒና ጥረዛ ትሠራለች። ጠዋት ጠረጴዛዬን ስወለውል መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ይበልጣል አረፈ» አለችኝ። «ሮብ ገበያ፣ አባቱ ዘንድ። ጉበቱን ነበር አሉ የሚያመው። ትናንት ተቀበረ።»

የተሰማኝን ልንገራችሁና ታዘቡኝ። መጀመሪያ የተሰማኝ ኀዘን አልነበረም። አንድ ነገር ከትከሻዬ ላይ የወረደልኝ መሰለኝ፤ ለቅጽበት ብቻ። ከዚያ ወደ መንገዱ ስመለከት ሱቆቹ አንድ በአንድ መዘጋት ጀምረዋል። ልብስ ሰፊው ዘጋ። ዘሃራም ማሽኗን አጥፍታ ዘጋች። ሰውየው ከመንገዳችን ከለቀቀ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ስሙን ሲያብጠለጥሉ የነበሩት እንኳ በራቸውን ዘግተው «ነፍስ ይማር» ይባባላሉ። እኔ ብሞት እንዲህ ይዘጉልኝ ይሆን? ብዬ አሰብሁ። ቢዘጉም እስከ ምሳ ሰዓት ነው፤ እሱንም ለይሉኝታ። እንግዲህ በሞቱም ቀናሁበት ማለት ነው። እኔም ዘጋሁ፤ ብቻዬን ከፍቼ ብገኝ ሰው ምን ይለኛል።

ስሙ ራሱ ይበልጣል ነው። እንዲህ ያለ ስም በእኛ አገር ሞልቷል፤ ደብረ ማርቆስ ገበያ መሀል ቆሞ «ይበልጣል!» ብሎ የሚጣራ ሰው አምስት ስድስት ራስ ያዞራል። ለቀናተኛ ሰው ግን ቀኑን ሙሉ «ይበልጣል አለ?» «ይበልጣል ገባ?» እየተባለ በጎረቤት ሲጠየቅ መስማት ቀላል ነገር አይደለም።

እሱ ከመምጣቱ በፊት በዚያ መንገድ ላፕቶፕ የምጠግን እኔ ብቻ ነበርሁ። አዲስ አበባ ተምሬ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ የምስክር ወረቀቴ በመስተዋት ገብቶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ከበሩ በላይ «ታደለ ኮምፒዩተር» የሚል ባለ መብራት ታፔላ አለኝ። ሥራዬንም አውቅ ነበር። ማለቴ፣ አንድ ነገር በደንብ አውቅ ነበር። ላፕቶፑ ሲነሣ ይዘገያል? ፎርማት። ይንቀራፈፋል? ፎርማት። ስታክ ያደርጋል? ፎርማት። በውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፍቼ ዊንዶውን እንደ አዲስ እጭንበታለሁ፤ ባለቤቱ «ፎቶዎቼስ?» ሲለኝ «ገልብጠህ አላስቀመጥህም እንዴ?» ብዬ መልሼ እቆጣዋለሁ። ከተማውም ለምዶት ነበር። ሰው ቦርሳውን ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጥ ራሱ «ፎርማት አድርግልኝ» ይለኛል፤ ፀጉር አስተካካይ ዘንድ ገብቶ «ሙልጭ አድርገህ ላጨኝ» እንደሚል ሰው።

ይበልጣል ከዘሃራ ወዲያ ያለችውን አልጋ የማታዘረጋ ክፍል ተከራይቶ ገባ። ታፔላ የለው፣ የምስክር ወረቀት የለው። ዕድሜው ከሠላሳ ብዙም ያልዘለለ፣ ቀጭን፣ ሲናገር አንገቱን ሰበር የሚያደርግ ሰው ነበር። አባቱ ሮብ ገበያ የእህል ወፍጮ ይጠግናሉ፤ እሱም ያደገው ወፍጮ ቤት ውስጥ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሱቄ ድረስ መጥቶ እጅ ነሣኝ።

«ጋሽ ታደለ፣ ጎረቤትዎ ልሆን ነው። የማላውቀው ሲገጥመኝ መጥቼ እጠይቅዎታለሁ» አለኝ።

ደስ አለኝ። የወፍጮ ጠጋኝ ልጅ ላፕቶፕ ሊጠግን! ለዘሃራ «ዱቄት እንዳይነሰንስበት ብቻ» ብዬ ሣቅሁ። ዘሃራ አልሣቀችም።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ባለቤቱን ከጎኑ ያስቀምጠዋል። የእጅ ሰዓቱን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ያኖራል። ላፕቶፑን ያበራና «እስቲ አብረን እንጠብቀው» ይላል። ከዚያ ዝም። ምንም አይነካም። አምስት ደቂቃም ይፍጅ ዐሥር፣ እስከ መጨረሻው ይጠብቀዋል። ጆሮውን ጠጋ አድርጎ ሃርድ ዲስኩን ያዳምጣል፤ የት ላይ እንደቆመ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ በእርሳስ ይጽፋል። ያጠፋውና እንደገና ያስነሣዋል። እየጠበቀ ደግሞ ይጠይቃል፦ «መቼ ጀመረዎት? በዚያ ሳምንት ምን አዲስ ነገር ጫኑበት? ማን ተውሶት ነበር? መብራት በድንገት ሲጠፋ ተሰክቶ ነበር?» እኔ ደንበኛን ስለ ላፕቶፑ ጠይቄ አላውቅም። ደንበኛ ምን ያውቃል?

«አባቴ» ይል ነበር፣ «ወፍጮው ሲዘገይ ድንጋዩን አትውቀስ፤ መጀመሪያ የገባውን እህል እይ ይለኛል።»

አንድ ቀን አንዲት የቢሮ ጸሐፊ መጣች። ላፕቶፗ እስኪነሣ ከቤት ወጥታ ዳቦ ገዝታ ትመለሳለች። እኔ ገና ሳላበራው «ፎርማት ነው» አልኋት። የዓመታት ሰነድ አለብኝ ብላ ቦርሳዋን አንሥታ ወደ እሱ ሄደች። እኔም ኮፒ የማደርገው ነገር እንዳለኝ ሰው ዘሃራ ዘንድ ገባሁ፤ ከዚያ ሆኖ የይበልጣል ድምፅ በደንብ ይሰማል።

«ሁለት አንቲቫይረስ ተጭኖበታል፣ እመቤት» ይላታል። «ሁለት ዘበኛ አንድ በር ላይ ቢያቆሙ፣ እነሱ እርስ በርሳቸው መታወቂያ ሲጠያየቁ ባለቤቷ ደጅ ትቆማለች። አንዱን እናሰናብተው።»

ሴትዮዋ ሣቀች። አንዱን አወጣላት። ከዚያ ላፕቶፑ ሲነሣ አብረውት የሚነሡትን ፕሮግራሞች ዝርዝር አወጣና «ይህን ያውቁታል? ይህንስ? ታዲያ በጠዋት ለምን አብሮ ይነሣል?» እያለ አንድ በአንድ አስጠፋት። እንደገና ሲያስነሣው በሰዓቱ አንድ ደቂቃ አልሞላም። አንዲት ፊደል አልጠፋባትም። ሴትዮዋ «እሰይ!» ስትል ሰማሁ።

«ታዴ» አለችኝ ዘሃራ፣ «ይህ ያስገለበጥኸኝ ስድስተኛው ባዶ ወረቀት ነው።»

ከዚያ ወዲህ ሰላም አልነበረኝም። ላፕቶፕ የያዘ ሰው በአካሄዱ ይታወቃል፤ ቦርሳውን እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ ታቅፎ ነው የሚመጣ። በሬ ላይ ሲደርስ «እንደምን አደርህ ታደለ» ብሎኝ ያልፋል። ማለፉ አይደለም ያንገበገበኝ፤ ሰላምታው ነው። በዝምታ ቢያልፉ እኮ ቢያንስ አላየሁም እላለሁ።

ከሁሉ የባሰችብኝ ግን ወረቀቷ ናት። ይበልጣል ማንኛውንም ላፕቶፕ ከፈታ በኋላ፣ የኋላ ክዳኑን ከመግጠሙ በፊት፣ ትንሽ ወረቀት ይጽፍና አጣጥፎ ሙቀት የማይደርስበት ጥግ ላይ በፕላስተር ይለጥፋታል። ከአባቱ የወረሰው ነው። አባቱ ወፍጮ ሲጠግኑ ምን እንደቀየሩና ምን እንደሠጉ በሞተሩ ቤት በር ጀርባ በጠመኔ ይጽፋሉ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ጠጋኝ፣ ወዳጅም ይሁን ጠላት፣ ከዜሮ እንዳይጀምር። የይበልጣል ወረቀት ሁልጊዜ የምትጀምረው «ለሚቀጥለው ከፋች» ብላ ነው።

የመጀመሪያዋን ያገኘሁ ጊዜ ምን እንደሆነች አልገባኝም ነበር። «ለሚቀጥለው ከፋች፦ ማራገቢያው ተጠርጓል። በቀኝ ጥግ ያለው ብሎን ጥርሱ አልቋል፤ አያጥብቁት።» ጨምድጄ ወረወርኋት። «ማን ጠየቀህ?» አልሁ ብቻዬን። ብሎኑንም አጠበቅሁት። ተሰበረ።

መቅናቴን ደግሞ ያውቅ ነበር። ዘሃራ አንድ ቀን «ታደለ እኮ ፊቱን አጥቁሮብሃል» ብትለው «ምቀኛ አታሳጣኝ ይባል የለ? እሱ አጠገቤ ባይኖር እኔ መቼ እንዲህ እተጋ ነበር» ብሎ ሣቀ አለችኝ። ለእኔ ብላ ነው የነገረችኝ፤ እንድንታረቅ። እኔ ግን አንጀቴ እርር አለ። ሰው የሚቀናበት ሰው ቢያንስ አለማወቅ አለበት።

የቤታችንም ላፕቶፕ ሲነሣ ይዘገይ ነበር። ባለቤቴ የሺ ጤና ጣቢያ ትሠራለች፤ ሪፖርቷን የምትጽፍበት እሱ ነው። «ታደለ፣ እስቲ እየው» ባለችኝ ቁጥር «ነገ» እላታለሁ። አንድ እሑድ ሳበራው እጄን ሳላነሣ ተነሣ።

«ምን አግኝቶት ነው?» አልኋት።

«እኔ እንጃ» አለችኝና ወደ ጓዳ ገባች።

ካቻቢቴ አምጥቼ የኋላ ክዳኑን ፈታሁት። ጥጉ ላይ ተጣጥፋ ተቀምጣለች። «ለሚቀጥለው ከፋች፦ ሃርድ ዲስኩ ደክሞ ነበር፤ ተቀይሯል። ሰነዱ ሁሉ ተገልብጧል። አቧራው ብዙ ነበር።»

አቧራው ብዙ ነበር! በታደለ ኮምፒዩተር ቤት!

«እሱ ዘንድ ወሰድሽው?»

«አንተ ነገ ነገ ስትል ሪፖርቴ ደረሰብኝ። ምን ላድርግ?»

«ምን አለሽ?»

«ምን ይለኛል? ‹ጋሽ ታደለ የሰው ሥራ በዝቶባቸው ነው› አለኝ።»

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የሺ ሌላ ወንድ ብትወድ ይሻለኝ ነበር አልልም፤ በዚያ እሑድ ግን እንደዚያ ያለ ነገር ሳላስብ አልቀረሁም። እንግዲህ ቀጥሎ የምነግራችሁን ሥራ የሠራሁት በዚህ ሆድ ነው።

መምህር ጥላሁን አማኑኤል ከተማ ሒሳብ ያስተምራሉ። ላፕቶፓቸው ሲነሣ ዘገየ ብለው ለእኔ አምጥተውልኝ ነበር። እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ ጠረጴዛዬ ላይ ሌላም ላፕቶፕ ከፍቼ ነበር፤ የአንድ ነጋዴ። የሁለቱንም ራም አውጥቼ ጠረግሁ። ራም ማለት ላፕቶፑ እየሠራ ዕቃውን የሚዘረጋበት መደብ ነው፤ ሲጠብ ሁሉም ነገር ይጨናነቃል። ጠረግሁ፣ መልሼ ገጠምሁ፣ ሁለቱንም ፎርማት አድርጌ ለባለቤቶቻቸው ሰጠሁ። በሦስተኛው ቀን ነጋዴው መጥቶ «እጅህ ይባረክ! ሳልነካው ይነሣል እኮ፤ እንደ አዲስ ሆነልኝ» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «አሜን» አልሁት። ይህን ያህል ምን ሠራሁለት ብዬ ራሴን አልጠየቅሁም።

መምህር ጥላሁን ግን ጭራሽ ባሰባቸው። ወደ እኔ አልተመለሱም፤ እሳቸውም በሬን አልፈው ወደ ይበልጣል ሄዱ። በማግሥቱ ቦርሳቸውን እንደታቀፉ መጥተው ፊቴ ቆሙ።

«ታደለ፣ የእኔ ራም ስምንት ጊጋ ነበር። አሁን ሁለት ነው። በዓይኔ አየሁት፤ ያ ልጅ አስነሥቶ አሳየኝ።»

«እሱ ምን አለዎት?»

«ምንም። ‹መጀመሪያ የከፈተው ሰው ከፍቶ ይየው› ብሎ ወደ አንተ መለሰኝ።»

ደሜ ፈላ። ይኸው፣ አልሁ በሆዴ፣ ጣቱን ቀሰረብኝ። ወዲያው ደግሞ የነጋዴው ደስታ ትዝ አለኝ። ሁለቱ ላፕቶፖች ጎን ለጎን ሆዳቸው ተከፍቶ ታዩኝ። የመምህርን ስምንት ለነጋዴው፣ የነጋዴውን ሁለት ለመምህር ገጥሜያለሁ። ሁሉም ነገር እዚያው ቆሜ ሳለሁ ገባኝ። «ተሳስቻለሁ» ብል ያበቃ ነበር፤ ለነጋዴው መደወል፣ ማስተካከል፣ ይቅርታ መጠየቅ። ግን ይህን ብል መምህር ነገ ለማን ነው የሚያወሩት? «ታደለ ያበላሸውን ይበልጣል አገኘው» ይላሉ።

«መምህር» አልሁ፣ «ከእኔ እጅ ሲወጣ ስምንት ነበር። ከእኔ ቀጥሎ ማን ከፈተው?»

ስሙን አልጠራሁም። ሰውየው የሒሳብ መምህር ናቸው፤ ቀሪውን ራሳቸው ደመሩት። ፊታቸው ተለወጠ።

«እስቲ አንተ ክፈተውና እየው።»

«ሌላ ሰው የበረበረውን እኔ አልከፍትም» አልሁ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሳምንት ሳይሞላ ወሬው ከአማኑኤል እስከ ቁይ ደረሰ፤ «ይበልጣል ዕቃ ይቀይራል።» ለጠጋኝ ከዚህ የከፋ የለም። ሥራ አይችልም ቢሉት ይማራል፤ ይዘገያል ቢሉት ይፈጥናል። ዕቃ ይቀይራል ከተባለ ግን ማን ደፍሮ ላፕቶፑን ጥሎለት ይሄዳል?

እሱ አንድ ቀን ብቻ መጣ። በሩ ላይ ቆመ እንጂ አልገባም።

«ጋሽ ታደለ፣ የመምህርን ላፕቶፕ ከፍተው አዩት?»

«እኔ የሰው ሥራ አልበረብርም» አልሁት፣ ቀና ብዬ ሳላየው።

«ቢከፍቱት ደግ ነበር» አለኝ። እኔ ዛቻ መሰለኝ። እሱ ግን እንደ ልማዱ እጅ ነሥቶኝ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ከሰዓቱ አጠገብ አንዲት ቀይ የጥፍር ቀለም አኖረ። ሰው ከመጣ ክዳኑን ፊቱ ይፈታና «ራሙ ላይ፣ ሃርድ ዲስኩ ላይ ራስዎ ምልክት ያድርጉበት፤ ሲወስዱ ያመሳክራሉ» ይለዋል። ዘሃራ ይህን ስታይ አለቀሰች። እኔ ያን ጊዜም ሳየው ምን እንዳሰብሁ ታውቃላችሁ? ይህን ዘዴ እኔ ለምን አላመጣሁትም ነው ያልሁ። በጥርጣሬ ውስጥ እንኳ ከእኔ የተሻለ ያስብ ነበር።

የጥፍር ቀለሙም አላዳነው። ቦርሳ የታቀፉት ሰዎች ወደ እኔ መመለስ ጀመሩ፤ ፎርማትም ተመለሰ። ክረምት ሳይገባ ክፍሏን ለቀቀ። ሰዓቱንና ካቻቢቴዎቹን በአንድ ካርቶን ይዞ፣ ዘሃራን ተሰናብቶ፣ ለእኔም ከሩቅ እጁን አንሥቶ ወደ ሮብ ገበያ ሄደ፤ አባቱን ወፍጮ ያግዛል ተባለ። ዘሃራ በዚያ ቀን አንድ ነገር አለችኝ፦ «ታዴ፣ እንግዲህ ማንን ልታዳምጥ ነው ባዶ ወረቀት የምታስገለብጠኝ?»

ከመርዶው በኋላ ሦስት ሳምንት ያህል አለፈ። ለቅሶ አልደረስሁም። መንገዱ ክፍት አይደለም ተባለ፤ ከዚያ ክፍት ነው ተባለ፤ ከዚያ ደግሞ እኔ ሥራ በዛብኝ። አንድ ረፋድ ላይ መምህር ጥላሁን ቦርሳቸውን ታቅፈው ገቡ።

«ታደለ፣ ይኸ ነገር አሁንስ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ይፈጃል» አሉኝ። «አስነሥቼው አስተምሬ ስጨርስ ነው የሚነሣው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከእሱ ጋር ታገልሁ። ለሌላ ሰው ደግሞ መስጠት ፈራሁ፤ አንተ ታማኝ ነህ።» ተቀመጡና አከሉበት፦ «ያ ልጅም ሞተ አሉኝ። በበኩሌ ይቅር ብዬዋለሁ፤ እግዜርም ይቅር ይበለው።»

ምን ልበላቸው? ካቻቢቴዬን አንሥቼ ክዳኑን መፍታት ያዝሁ፤ ቢያንስ ፊታቸውን ላለማየት። ክዳኑ ሲነሣ፣ በጥጉ፣ ፕላስተሯ ወይባ፣ ተጣጥፋ ቁጭ ብላለች። ልጨምድዳት አሰብሁ፤ በእውነት አሰብሁ። መምህር ግን አይተዋታል።

«ምንድን ነው?»

ከፈትኋትና በሆዴ አነበብኋት። ከዚያ ድምፄን አውጥቼ እንደገና አነበብሁላቸው።

«ለሚቀጥለው ከፋች፦ ጋሽ ታደለ፣ መምህርን ወደ እርስዎ የመለስኋቸው እርስዎ እንዲከፍቱት ብዬ ነው። ራሙ ሁለት ነው፤ እሳቸው ስምንት ነበር ይላሉ። ስርቆት አይደለም። ሁለት ማሽን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሲከፈት የሚመጣ ስሕተት ነው፤ እኔም አድርጌው አውቃለሁ። በዚያው ቀን የሠሩትን ሌላውን ላፕቶፕ ቢያዩት ያገኙታል። ለመምህር ምንም አልነገርኋቸውም። ይበልጣል።»

መምህር ጥላሁን መነጽራቸውን አወለቁ። ወረቀቷን ከእጄ ወስደው ራሳቸው አነበቧት። ከግርጌዋ የተጻፈውን ቀን ተመለከቱ፤ እሱ ዘንድ የወሰዱበት ቀን ነው። እኔ «ማን ከፈተው?» ብዬ ከመጠየቄ አንድ ቀን በፊት ይህ ሰው ስሜን ከሰው አፍ ጠብቆ፣ ስሕተቴን አጣጥፎ፣ እኔ ብቻ የምከፍተው ቦታ አስቀምጦልኝ ነበር። «ቢከፍቱት ደግ ነበር» ያለኝ ይህን ነው።

«አንተ ታውቅ ነበር?» አሉኝ።

«ወረቀቷን አላውቅም ነበር። ስሕተቱን አውቅ ነበር።»

ይጮኹብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢጮኹ ደስ ባለኝ። ወረቀቷን አጣጥፈው እጄ ላይ መለሷት።

«ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» አሉ። «እኔ የጎደለብኝ ራም ነው። ስሙን ያጣ ልጅ ግን አባት አለው። ሂድና ለእሳቸው አንብብላቸው።»

በማግሥቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሮብ ገበያ ሄድሁ። ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ብርድ ፊት ይቆርጣል። ወፍጮ ቤቱን ለማግኘት መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ከሩቅ ይሰማል። አያ ሞላ፣ የይበልጣል አባት፣ ሞተሩን አጥፍተው የወፍጮውን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ እያጠበቁ ነበር። ቅንድባቸው በዱቄት ነጥቷል። አንገታቸው እንደሱ ሰበር ይላል።

«እግዜር ያጽናዎት» አልሁ። «ታደለ እባላለሁ። ከማርቆስ ነኝ።»

ቺንጋውን ለቀቁት። «ታደለ ኮምፒዩተር?»

«አዎ፣ አባቴ።»

ጆንያ ላይ አስቀመጡኝ። ወረቀቷን አውጥቼ ከዳር እስከ ዳር አነበብሁላቸው፤ ከዚያ ወረቀቷ ላይ የሌለውንም ነገርኋቸው፤ ሳውቅ ዝም ማለቴን፣ የጠየቅሁትን ጥያቄ። ፊት ለፊቴ የሞተሩ ቤት በር ተገርብቧል፤ ጀርባው ላይ የጠመኔ ጽሑፍ ተደራርቧል፤ ከታች በኩል የይበልጣልን እጅ ጽሑፍ ለየሁት። አያ ሞላ እስክጨርስ ድረስ አላቋረጡኝም።

«ነግሮኛል» አሉኝ።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ‹ለምን ዝም አልህ? ስም እኮ ከመቃብር በላይ ነው› ብዬ ተቆጣሁት። ‹አባ፣ ወረቀቷ ውስጥ ናት። ጋሽ ታደለ ሲነሡ ይዘገያሉ እንጂ ይነሣሉ፤ እጠብቃቸዋለሁ› አለኝ።» እጃቸውን በጭናቸው ላይ ጠረጉ። ዱቄቱ ቦነነ። «ሲያመውም፣ መኪና በቆመ ቁጥር፣ እስቲ ማን እንደመጣ እዩልኝ ይል ነበር።»

ወረቀቷን አጣጥፌ ኪሴ ከተትሁ።

«ዘገየህ፣ ልጄ» አሉኝ።

ሌላ ቁጣ አልተቆጡኝም። ጠላ አቀረቡልኝ። ስነሣ እስከ በሩ ሸኙኝና «ለእኔ ማንበብህ ደግ ነው» አሉኝ። «ስሙ የጠፋ ግን እዚህ አይደለም። እዚህ ራም የሚባል ነገር የሚያውቅ ሰው የለም። የጠፋበት ቦታ ሂድና እዚያ አንብበው።»

ወረቀቷ አሁን የሱቄ መስተዋት ላይ፣ በታፔላዬ ሥር ተለጥፋለች። ከሥሯ በራሴ እጅ «ስሕተቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። አውቄም ዝም ያልሁ እኔ ነኝ። ታደለ» ብዬ ጽፌያለሁ። ለመምህር ጥላሁን ስምንት ጊጋ ራም ገጥሜላቸዋለሁ፤ ላፕቶፓቸው አሁን በስመ አብ ብለው ሳይጨርሱ ይነሣል። ደንበኞቼ ቀንሰዋል። የሺ መስተዋቱን ያየች ቀን ከእኔ ጋር ሳትነጋገር ውላ ማታ ላይ «ቀድመህ ብትነግረኝ ምን ነበር?» አለችኝ። ጠረጴዛዬ ላይ አሁን አንድ ላፕቶፕ ብቻ ነው የሚከፈት። ሰዓቴን አወልቅና ባለቤቱን አስቀምጬ አብረን እንጠብቃለን። መጠበቅ እንዴት ከባድ ሥራ እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ቅናቱ ለቆኛል ብላችሁ እንዳታስቡ። ሰዎች መስተዋቱ ዘንድ ቆመው ያነባሉ፤ አንዳንዱ ጣቱን ፊደሎቹ ላይ እያስኬደ ያነባል። «ምን ያለ ሰው ነበር!» ይላሉ። ስለ እኔ የሚሉትን ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይላሉ። እኔ ውስጥ ተቀምጬ ሁለቱንም እሰማለሁ።

«ዛሬም ትቀናለህ?» አለችኝ ዘሃራ ባለፈው፣ በሩ ላይ ቆማ።

«እቀናለሁ» አልኋት።

እውነቴን ነው። እኔም አሁን ክዳን ከመግጠሜ በፊት ወረቀት እጽፋለሁ። ለሚቀጥለው ከፋች ብዬ እጀምርና ብሎኑን፣ አቧራውን፣ የሠጋሁትን አስቀምጣለሁ። እስካሁን ግን ስለ ሌላ ሰው ስሕተት ጽፌ፣ ስሙን ሸፍኜ፣ እስኪመጣ የጠበቅሁት ሰው የለም።